የኦንላይን ሬሲንግ ሊግ ቅጣት፦ ለሐዋሳ ልጆች የትኛው ጌም ይሻላል?

ሐዋሳ ውስጥ ስምንት አሥር ሆነው የመኪና ውድድር ሊግ ለመጀመር የሚያስቡ ልጆች መጀመሪያ የሚጠያየቁት ስለ ግራፊክስና ስለ መኪናው ድምፅ ነው። ሊግ የሚፈርሰው ግን ሦስተኛው ውድድር ላይ አንዱ ሌላውን ገጭቶ ሲያሸንፍና ማንም ምንም ሳይለው ሲቀር ነው። ከዚያ ወዲያ ቴሌግራም ግሩፑ ይጦፋል፣ ሁለቱ ይኳረፋሉ፣ ሦስተኛው "እኔም ልግጭ እንጂ" ይላል። ስለዚህ እዚህ የምንመዝነው የጌሞቹን ውበት ትተን የቅጣት መሣሪያቸውን ነው፦ ጥፋት ሲፈጠር ዳኛው ምን ማየት ይችላል? ምን ማዘዝ ይችላል? ማሽኑ በራሱ የወሰነውን መሻርስ ይችላል ወይ? ያየናቸው ሦስት ናቸው፤ አሴቶ ኮርሳ ኮምፔቲዚዮኔ፣ አይሬሲንግ እና ግራን ቱሪስሞ 7።

ለቸኮለ ሰው መልሱ ይኸው፦ ፒሲ ያላችሁ ከሆነ ኮምፔቲዚዮኔን ውሰዱ። በዶላር የሚከፍል ካርድ ያለውና ከሊጉ ይልቅ ከዓለም ጋር መወዳደር የሚፈልግ አይሬሲንግ ይግባ። ሁሉም ሰው ያለው ፕሌይስቴሽን ብቻ ከሆነ ግራን ቱሪስሞ 7 ያስኬዳል፤ ግን የዳኝነቱ ሥራ በሙሉ ከጌሙ ውጭ፣ በእጅ እንደሚሠራ አውቃችሁ ግቡ።

አይሬሲንግ፦ ንክኪ ይቆጥራል፣ ጥፋት አይለይም

አይሬሲንግ ከ2008 ጀምሮ ያለ ነው፤ የቅጣት ሥርዓቱም ከሦስቱ ይበልጥ የበሰለው የእሱ ነው። የሚሠራው "ኢንሲደንት" በሚባል ነጥብ ነው። ከመንገድ ከወጣህ 1፣ መኪናው ከተሽከረከረብህ 2፣ አስፋልት ላይ ከሌላ መኪና ጋር ጠንከር ያለ ግጭት ካደረስክ 4። ቀለል ያለ መነካካት 0 ተብሎ ይመዘገባል። ጥፋተኛው ማን እንደሆነ ግን አይጠይቅም። ከኋላ መጥቶ የገጨውም፣ መስመሩን ይዞ ሲሄድ የተገጨውም እኩል 4 ይጻፍባቸዋል። መናኸሪያ አካባቢ ቀይ መብራት ላይ የቆመ ባጃጅ ከኋላ ሲገጭ ትራፊክ ፖሊሱ መጥቶ ሁለቱንም እኩል ቢቀጣ ማለት ነው።

ነገሩ ሞኝነት ይመስላል እንጂ አይደለም። አይሬሲንግ ላይ በየሰዓቱ የሚካሄደውን ውድድር ሁሉ ተቀምጦ የሚያይ ዳኛ ሊኖር አይችልም። በምትኩ ሴፍቲ ሬቲንግ የሚባለው ከ0 እስከ 4.99 የሚሄድ መለኪያ ያለፍካቸውን ኩርባዎች ብዛት ከኢንሲደንት ነጥብህ ጋር ያነጻጽራል። ዛሬ ያለ ጥፋትህ 4 ብትቀበል፣ በመቶዎች የሚቆጠሩ ኩርባዎችን በንጽህና ስታልፍ ይካካሳል። አደጋን አስቀድሞ አይቶ የሚርቅ ሰው ውሎ አድሮ ከፍ ይላል፣ የሚጋፋው ይወርዳል።

ችግሩ "ውሎ አድሮ" የሚለው ነው። አሥር ሰው ስምንት ውድድር ብቻ በሚያደርግበት ሊግ ውስጥ ማካካሻ የሚሆን ጊዜ የለም። ሁለተኛው ውድድር ላይ ያለ ጥፋቱ ከዋንጫው የወጣ ልጅ በአማካይ ስሌት አይጽናናም። ለዚህ ነው የኢንሲደንት ቁጥርን እንዳለ ወስዶ የሊግ ቅጣት ማድረግ ትልቅ ስህተት የሚሆነው። ብዙ አዲስ ሊጎች "ከ12 ኢንሲደንት በላይ ያለው ይቀጣ" ብለው ይጀምራሉ፤ ውጤቱ መሀል ላይ ተጨናንቀው የሚነዱት ሲቀጡ፣ ፊት ሆኖ ብቻውን የሚሄደው ነጻ መውጣቱ ነው። ቁጥሩን ለጥቆማ ተጠቀሙበት። ዳኛው የማንን ሪፕሌይ ቀድሞ እንደሚያይ ይጠቁማል፣ ከዚያ አልፎ ማስረጃ አይሆንም።

በግል ሊግ ውስጥ አይሬሲንግ ለአድሚኑ በቂ ሥልጣን ይሰጣል፤ በቻት ትእዛዝ ጥቁር ባንዲራ (የቅጣት ምልክት) መስጠት፣ በፒት (ከትራኩ ጎን ባለው የመኪና ማቆሚያና መጠገኛ መስመር) እንዲያልፍ ማዘዝ፣ ቅጣት መሰረዝ፣ ወደ ሰልፍ መጨረሻ መላክ፣ ከውድድር ማስወጣት ይቻላል። ሪፕሌዩም ጥሩ ነው። የሚያስቸግረው ገንዘቡ ነው። አባልነቱ በወር ወደ 13 ዶላር ነው፤ በዚያ ላይ እያንዳንዱ ተጨማሪ መኪና 12 ዶላር ገደማ፣ ትራክ ደግሞ ከ12 እስከ 15 ዶላር ያወጣል። ከአባልነቱ ጋር የማይመጣ ትራክ ላይ ለመወዳደር አሥሩም ሰው ያንኑ ትራክ መግዛት አለበት። እዚህ አገር በውጭ ምንዛሪ የሚከፍል ካርድ ያለው ሰው ስንት ነው? ለመሣሪያው ከ10 9 እንሰጠዋለን፣ ለሐዋሳ ሊግ ግን 5።

ግራን ቱሪስሞ 7፦ ሁሉም ቤት አለ፣ ዳኛው ግን እጁ ታስሯል

በ2022 የወጣው ግራን ቱሪስሞ 7 በፒኤስ4ም በፒኤስ5ም ይሠራል፣ አንድ ክፍል ውስጥ እስከ 16 ሰው ያስተናግዳል፣ ጆይስቲክ ይዞም በደንብ ይነዳል። ኦንላይን ለመጫወት ፕሌይስቴሽን ፕላስ ያስፈልጋል። ስፖርት ሞድ ውስጥ በፊደል የሚቀመጥ የሥነ ሥርዓት ደረጃ አለው፤ በገጨህ ወይም መንገድ ቆርጠህ በወጣህ ጊዜም ማሽኑ ወዲያው ሰከንድ ይቀጣሃል።

ድክመቱ ክፍሉን የከፈተው ሰው ያለው ሥልጣን ውድድሩ ከመጀመሩ በፊት የሚያልቅ መሆኑ ነው። መንገድ መቁረጥ ምን ያህል ይቀጣ፣ ከግድግዳ ጋር መላተም ይቀጣ አይቀጣ የሚለውን አስቀድሞ ይወስናል። ውድድሩ ከተጀመረ በኋላ ግን ዳኛ ገብቶ "ለዚህ 10 ሰከንድ፣ የዚያኛው ይሰረዝ" የሚልበት መንገድ የለም። ማሽኑ ተገጭቶ ከመንገድ የወጣውን ልጅ "መንገድ ቆርጠሃል" ብሎ ቢቀጣው ዳኛው ቁጭ ብሎ ከማየት ሌላ ምርጫ የለውም።

በዚህ ጌም ሊግ የምታካሂዱ ከሆነ በማሽኑ የሚሰጠውን ቅጣት በተቻለ መጠን ቀንሱት፣ መንገድ መቁረጥን ብቻ ተዉት። ሌላው ሁሉ ከውድድሩ በኋላ በሪፕሌይ ይታይ። የውጤት ሰሌዳው ሳይጠፋ ቢያንስ ሁለት ሰው ፎቶ ያንሳው፤ ክፍሉን ዘግቶ ከወጡ በኋላ ልዩነቱን በሰከንድ መልሶ ማግኘት ጣጣ ነው። ከ10 6።

ኮምፔቲዚዮኔ፦ ለዳኛ የተሠራ

በኩኖስ ሲሙላዚዮኒ ተሠርቶ በ2019 ሙሉ ሆኖ የወጣው ይህ ጌም በጂቲ3 መኪኖች (ለውድድር የተቀየሩ የስፖርት መኪኖች) ላይ ያተኮረ ነው። የሰርቨሩ ፕሮግራም ከጌሙ ጋር በነጻ ይመጣል፤ በራስህ ኮምፒውተር ወይም በኪራይ ማሽን ላይ ታስነሳዋለህ። የሚስተካከለው በጥቂት የጄሰን ፋይሎች ነው። እዚህ ላይ ሰው ሁሉ የሚደናቀፍባት አንዲት ነገር አለች፦ ፋይሎቹ የሚቀመጡት ዩቲኤፍ-16 ኤልኢ በሚባል ኢንኮዲንግ (የጽሑፍ አቀማመጥ ዓይነት) ነው። በኖትፓድ አርመህ በሌላ ኢንኮዲንግ ካስቀመጥከው ሰርቨሩ ፋይሉን በትክክል አያነበውም፤ አንተ ግን ያስገባኸው ደንብ እየሠራ ይመስልሃል። ውድድር ከመጀመሩ በፊት አንድ ሰው ገብቶ ደንቡ መያዙን ይፈትሽ።

ለፍትሐዊ ቅጣት ከሁሉ የሚበልጠው መስመር ሰቲንግስ ፋይሉ ውስጥ ያለው "አላው ኦቶ ዲኪው" ነው። 1 ሲሆን ማሽኑ ከባድ ጥፋት ነው ብሎ የቆጠረውን በራሱ ከውድድር ያስወጣል። 0 ስታደርገው ማስወጣቱን ትቶ የ30 ሰከንድ ስቶፕ ኤንድ ጎ (ፒት ገብቶ ቆሞ የመጠበቅ ቅጣት) ይሰጣል፤ ያንን ለመፈጸም ነጂው ሦስት ዙር አለው። ያ ሦስት ዙር የዳኛው ጊዜ ነው። ሞንዛ ትራክ ላይ አንድ ዙር ወደ 1 ደቂቃ ከ48 ሰከንድ ስለሚወስድ ዳኛው አምስት ደቂቃ ከምናምን አለው፤ ስፓ ላይ ሰባት ደቂቃ ያህል። በዚያ ጊዜ አይቶ ወይ ያስወጣዋል፣ ወይ ይሰርዝለታል። በግል ሊግ ውስጥ ይህ ቁጥር 0 መሆን አለበት፤ በዚህ አንከራከርም።

የአድሚን ትእዛዞቹ በቻት ሳጥን ውስጥ በስላሽ ይጀምራሉ፣ ከኋላቸው የመኪናው ቁጥር ይከተላል። "ቲፒ5" አምስት ሰከንድ፣ "ቲፒ15" አሥራ አምስት ሰከንድ ይጨምራል። "ዲቲ" በፒት አሳልፎ ይልካል። "ኤስጂ10"፣ "ኤስጂ20" እና "ኤስጂ30" ፒት ውስጥ አቁመው ያስቀምጡታል። "ክሊር" ይሰርዛል፣ "ዲኪው" ያስወጣል። ከትእዛዙ ጫፍ ላይ "ሲ" የምትል ፊደል ስትጨምር ምክንያቱ ግጭት መሆኑ አብሮ ይታያል። ይህቺን አትርሷት፤ ነጂው ለምን እንደተቀጣ በዚያው ሰዓት ካላወቀ ማይክ ከፍቶ መጮህ ይጀምራል።

ትእዛዙ የሚፈልገው የመኪናውን ቁጥር ነው፣ የያዘውን ደረጃ አይደለም። በጥድፊያ ላይ "አራተኛ ያለው" ተብሎ 4 ቢጻፍ ሌላ ሰው ይቀጣል። ሁለት ሰው አንድ ዓይነት ቁጥር እንዳይዝ ኢንትሪ ሊስት በሚባለው ፋይል ውስጥ ለእያንዳንዱ ሰው ቁጥር መድቡ፣ ዳኞቹንም እዚያው አድሚን አድርጓቸው። ያኔ የይለፍ ቃል እየተቀባበሉ መሰንበት ይቀራል።

ዳኛው መኪና ሳይዝ እንዲገባ የግንኙነቱን ጣሪያ ከመኪና ቦታው ከፍ አድርጉት። 12 መኪና ከሆነ 15 ግንኙነት ፍቀዱ፤ ልዩነቱ 3 ተመልካች ያስገባል። ለተመልካች የራሱ የይለፍ ቃል አለው። እየነዳ የሚዳኝ ሰው አያዋጣም፤ ወይ አይነዳም፣ ወይ አይዳኝም።

ውድድሩ ሲያልቅ ሰርቨሩ የውጤት ፋይል ይጽፋል፣ ሰቲንግስ ላይ "ደምፕ ሊደርቦርድስ" 1 ከሆነ። እዚያ ውስጥ የእያንዳንዱ ዙር ሰዓት በሚሊሰከንድ፣ የተሰጡት ቅጣቶች፣ ምክንያታቸውና በስንተኛው ዙር እንደተፈጸሙ አለ። ዘግይቶ የተወሰነ 10 ሰከንድ ካለ ጠቅላላ ሰዓቱ ላይ 10000 ደምረህ ሰንጠረዡን እንደገና ትደረድራለህ። በኤክሴል አምስት ደቂቃ አይፈጅም።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር፦ ውድድሩ ማታ 2 ሰዓት ከሆነ በዓለም አቀፍ ሰዓት 17:00 ነው፤ ጀርመን የተከራያችሁት ማሽን ደግሞ በክረምታቸው 18:00፣ በበጋቸው 19:00 ብሎ ይጽፈዋል። አቤት ባዩ "ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ገጨኝ" ቢል ማንም አያገኘውም። አቤቱታ ሁሉ ውድድሩ ከተጀመረ ስንት ደቂቃ እንደሆነና በስንተኛው ዙር እንደሆነ ይጻፍ። የግድግዳ ሰዓት አይጠቀስ።

ላግ (የኔትወርክ መዘግየት) ምን ያህል ያዛባል?

ሐዋሳ ሆነህ አውሮፓ ካለ ሰርቨር ጋር ስትጫወት ፒንግህ (መልእክት ሰርቨሩ ጋ ደርሶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ) ከ100 ሚሊሰከንድ ይዘላል፤ በሞባይል ዳታ ደግሞ ይዋዥቃል። የተገጨ ሁሉ "ላግ ነው" ይላል፣ የገጨ ሁሉም "ላግ ነው" ይላል። ስለዚህ ቁጥሩን ማወቅ ጥሩ ነው።

ሁለት ሰዎች እያንዳንዳቸው 150 ፒንግ ካላቸው የአንዱ እንቅስቃሴ ሌላው ጋ ለመድረስ 150 ሚሊሰከንድ ገደማ ይወስዳል። በሰዓት 200 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በዚያ ጊዜ 8.3 ሜትር ይጓዛል። "እንግዲያው ስምንት ሜትር ተሳስቻለሁ" ማለት ግን አይደለም። ጌሙ መኪናው በያዘው ፍጥነት ይቀጥላል ብሎ ገምቶ ቦታውን አስተካክሎ ያሳይሃል። ግምቱ የሚሳሳተው ፊት ያለው ሰው በድንገት ፍሬን ሲይዝ ነው። ጂቲ3 መኪና በኃይል ሲያቆም ፍጥነቱ በየሰከንዱ ወደ 15 ሜትር በሰከንድ ይቀንሳል። በ150 ሚሊሰከንድ ውስጥ የሚፈጠረው ስህተት 17 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። መዘግየቱ 300 ሲሆን ስህተቱ እጥፍ ብቻ አይሆንም፤ አራት እጥፍ ሆኖ ወደ 68 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል።

ከዚህ የሚወጣው ደንብ ግልጽ ነው። በአንደኛው ሪፕሌይ ላይ ብቻ የታየና በሌላኛው ላይ ሁለቱ መኪኖች በትንሽ ክፍተት የተላለፉበት ንክኪ የኔትወርክ ነው፤ አይቀጣም። ሁለት ሜትር ዘልቆ የገባ መኪና ግን በ150 ፒንግ ሊያሳብብ አይችልም። ፒንጉ ከ250 በላይ የሆነበት ሰው ደግሞ በፍሬን ቦታ ላይ ርቀት የመጠበቅ ግዴታው ይጨምራል፤ ይህንን ደንቡ ላይ አስቀድማችሁ ጻፉት። ሪፕሌይ የሚቀዳው በየነጂው ማሽን ላይ ስለሆነ፣ ሌሎቹን መኪኖች የሚያሳየው ለዚያ ማሽን እንደደረሱት ነው። ስለዚህ የሁለቱም ነጂዎች ሪፕሌይ ሳይታይ ስለ ግጭት አይወሰን። ሪፕሌይ ያላመጣ ወገን በሌላው ሪፕሌይ ይዳኛል።

አንድ ቤት ውስጥ በኬብል ተገናኝቶ መጫወት የሚቻል ከሆነ ሰርቨሩ ላይ "ሬጂስተር ቱ ሎቢ" 0፣ "ላን ዲስከቨሪ" 1 አድርጉ። ኢንተርኔት አያስፈልግም፣ ላግም ሰበብ መሆኑ ያበቃል። የፍጻሜውን ውድድር እንዲህ ማድረግ የሚችል ሊግ ዕድለኛ ነው።

ቅጣቱ ስንት ይሁን?

የሁሉም ክርክር ሥር አንድ ነው፦ የሚቀጣው ድርጊቱ ነው ወይስ ያስከተለው ጉዳት? እኛ ድርጊቱ ነው እንላለን። ስፓ ትራክ ላይ፣ ዝግ ባለችው ላ ሱርስ ኩርባ ኋላህን ነካ ያደረገህ ሰው ሁለት ሰከንድ ያስወጣሃል፤ ያንኑ ንክኪ በፍጥነት በሚታለፈው ኦ ሩዥ ላይ ቢያደርገው ውድድርህ ያልቃል። የተሳሳተው እኩል ነው፤ ቦታው ነው የለየው። በጉዳት የምትቀጡ ከሆነ ዕድልን እየቀጣችሁ ነው። ጉዳቱ የሚገባው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ገጪው ጥፋቱን አይቶ ቦታውን ከመለሰ ቅጣቱ ይቀልለታል።

ኩርባው የማን ነው ለሚለው ከባዶ ደንብ መፍጠር አያስፈልግም። የዓለም የመኪና ስፖርት የበላይ አካል የሆነው ኤፍአይኤ በ2025 ለፎርሙላ 1 ዳኞች የሚሰጠውን መመሪያ ይፋ አድርጎታል። በውስጥ በኩል የሚያልፈው ሰው ቦታ እንዲተውለት የፊት አክስሉ (የፊት ጎማዎቹ ያሉበት መስመር) ከኤፔክሱ (መኪናው ወደ ኩርባው ውስጠኛ ጠርዝ በጣም ከሚጠጋበት ነጥብ) በፊትም ኤፔክሱ ላይም ቢያንስ የሌላውን መኪና መስታወት ማግኘት አለበት። በውጭ በኩል ከሆነ የፊት አክስሉ ኤፔክሱ ላይ ከሌላው የፊት አክስል መቅደም አለበት። ሪፕሌዩን ኤፔክሱ ላይ አቁሞ በማየት የሚፈታ ስለሆነ ለአማተር ዳኛ በጣም ይመቻል።

ሰከንዱን በተመለከተ ለ30 ደቂቃ ውድድር የምንመክረው እንዲህ ነው። ደረጃ ያልቀየረ ቀላል ንክኪ ማስጠንቀቂያና 1 የቅጣት ነጥብ። ገጭቶ ያለፈና በአንድ ዙር ውስጥ ቦታውን የመለሰ 1 ነጥብ ብቻ፤ ካልመለሰ 5 ሰከንድና 2 ነጥብ። ሳይደርስ ከሩቅ ዘሎ የገባ፣ ወይም ፍሬን ላይ እያለ መስመር የቀየረ 10 ሰከንድና 3 ነጥብ። ከመንገድ ወጥቶ ሲመለስ ሳያይ ትራኩ ላይ የገባ 15 ሰከንድና 3 ነጥብ። ይኸኛው ለብዙ ሰው ይበዛበታል፤ ነገር ግን የሚመጣው መኪና ማምለጫ የለውም፣ ቆሞ መጠበቅ ደግሞ ሙሉ በሙሉ በነጂው እጅ ነው። የመጀመሪያው ዙር ላይ ፎርሙላ 1 ለቀቅ ይላል፤ ኦንላይን ግን መጠበቅ አለበት። መኪኖቹ የተጠጋጉት፣ ሁሉም በአንዴ ፍሬን የሚይዘውና ላግ የሚያሳስተው ያኔ ነው። አንድ ደረጃ ከፍ አድርጋችሁ ቅጡ።

በፒት ማሳለፍን ከውድድሩ በኋላ በሚሰጥ ሰከንድ አትተኩት፣ ወይም ከተካችሁ ትራኩን አይታችሁ ተኩ። በፒት ማለፍ የሚያስወጣው ጊዜ እንደ ፒቱ ርዝመት ይለያያል፤ አንዱ ትራክ ላይ የከበደው ሌላው ላይ ይቀላል።

ሆን ብሎ መግጨት የተለየ ነው። በግንቦት 2020 ነጂው ሲሞን ፓዥኖ በኢንዲካር (የአሜሪካ የመኪና ውድድር) የአይሬሲንግ ውድድር ኢንዲያናፖሊስ ላይ የፎርሙላ 1 ነጂውን ላንዶ ኖሪስን ሆን ብሎ ሲያስወጣው ሁሉም በስርጭት አየው። "ጌም እኮ ነው" የሚለው መከራከሪያ ከዚያ ወዲህ በሁሉም ሊግ ይሰማል። ለዚህ ከውድድሩ ማስወጣትና የሚቀጥለውን ማገድ ብቻ ነው መልሱ፤ ሰከንድ አይመጥነውም። አካውንት ማዋስም እዚህ ይገባል። የአውዲ ነጂው ዳንኤል አብት በዚያው ወር በፎርሙላ ኢ (የኤሌክትሪክ መኪኖች ውድድር) የኦንላይን ውድድር ላይ ሌላ ሰው አስነድቶ ሲገኝ 10,000 ዩሮ ለበጎ አድራጎት እንዲከፍል ተደረገ፣ አውዲም አገደው። ጌም ቤት ውስጥ አንድ አካውንት ለሦስት ሰው የሚሠራበት ከተማ ውስጥ ይህ ሩቅ ወሬ አይደለም።

ነጥቡ ሲጠራቀም ምን ይሁን? ብዙ ሊግ የፎርሙላ 1ን 12 ነጥብ እንዳለ ይገለብጣል። እዚያ 12 ነጥብ በ12 ወር ውስጥ ከሞላ አንድ ውድድር ያሳግዳል፤ ነጂው ኬቪን ማግኑሰን በ2024 ሞንዛ ላይ ሞልቶበት የባኩን ውድድር ሳይነዳ ቀርቷል። ግን በዚያ ዓመት 24 ውድድር ነበር። ስምንት ውድድር ባለው ሊግ 12 ነጥብ ማለት ማንም የማይደርስበት ጣሪያ ነው። 4 ላይ የማጣሪያ ዕገዳ፣ 6 ላይ የአንድ ውድድር ዕገዳ በቂ ነው፤ ያለ ጥፋት የተጠናቀቀ ውድድር ደግሞ 1 ነጥብ ይቀንስ። የማጣሪያ ዕገዳ ለአፈጻጸም ቀላል ነው፦ ነጂው በማጣሪያው ሰዓት አይወጣም፣ ከመጨረሻ ይነሳል። በቁጥር ስንት ቦታ ወደ ኋላ ይሂድ እያሉ ከሰርቨሩ ጋር መታገል አያስፈልግም።

አንድ ጉዳይ ከሥሩ

ለምሳሌ ሞንዛ፣ 4ኛ ዙር፣ የመጀመሪያዋ ሺኬን (ቀኝና ግራ የተከታተለች ጠባብ ኩርባ)። 27 ቁጥር ከ14 ኋላ ሆኖ መጣ፣ በቀኝ በውስጥ በኩል ገባ፣ ተጋጩ፣ 14 ወጣ፣ ማሽኑም ለ14 መንገድ የመቁረጥ ማስጠንቀቂያ ጻፈበት። ዳኛው ግጭቱን ደጋግሞ ከማየት መጀመር የለበትም፤ ዓይን በግጭቱ ይወሰዳል። መጀመሪያ የ27ን 2ኛና 3ኛ ዙር ይክፈት፣ የፍሬን መብራቱ የት እንደበራ ይይ። ሁለቱም ጊዜ ከ150 ሜትር ሰሌዳው ጥቂት አልፎ ከሆነና በ4ኛው ዙር 100 ሜትሩ ጋ ተጠግቶ ከሆነ ዘግይቷል። ቀጥሎ ኤፔክሱ ላይ ያቁመው፤ የ27 የፊት አክስል የት ደርሷል? የ14 የኋላ ጎማ ላይ ከሆነ መስታወቱን አላገኘም። ሦስተኛ 14 ፍሬን ከያዘ በኋላ ወደ ውስጥ ዘግቶ ከሆነ ያጣራ። አራተኛ ያንኑ በሁለቱም ሪፕሌይ ይድገም። ግጭቱን በግማሽ ፍጥነት የሚያየው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው።

ውሳኔውም በዚሁ ልክ ይጻፍ፦ "ሞንዛ፣ 4ኛ ዙር፣ ኩርባ 1። መኪና 27 ከቀደሙት ሁለት ዙሮች ዘግይቶ ፍሬን ይዟል፤ ኤፔክሱ ላይ የፊት አክስሉ የመኪና 14ን መስታወት አላገኘም። 14 መስመር አልቀየረም። ግጭቱ በሁለቱም ሪፕሌይ ይታያል። ቦታው አልተመለሰም። 10 ሰከንድ፣ 3 ነጥብ። የ14 ማስጠንቀቂያ አይቆጠርም።" ስም የለም፣ ተግሣጽ የለም፣ "ሁለተኛ እንዳይለምድህ" የለም። የተቀጣው ሰው የሚከራከርበት ነገር ካለ ከእነዚህ ዓረፍተ ነገሮች አንዱን ስህተት መሆኑን ማሳየት አለበት።

መብራትና ሽምግልና

ቅጣት ተሰጥቶት ሳይፈጽም ከሰርቨሩ የጠፋ ሰው "መብራት ሄደብኝ" ይላል። ብዙ ጊዜ እውነቱን ነው። ታቦር ክፍለ ከተማ የሚነዱ ሁለት ልጆች በአንድ ሰከንድ አብረው ከጠፉ መጠራጠርም አያስፈልግም። ማጣራት ውስጥ ከመግባት ግን ደንቡን እንዲህ አድርጉት፦ ያልተፈጸመ ቅጣት ምክንያቱ ምንም ይሁን ወደሚቀጥለው ውድድር ይሻገራል። ያኔ ገመድ መንቀል ለማንም አይጠቅምም፣ መብራት የሄደበትም ተጨማሪ አይቀጣም። ራውተሩ ላይ ትንሽ ዩፒኤስ ማድረግ ለሁሉም ይመከራል። ላፕቶፕ ላይ የሚጫወት ሰው በባትሪ ቢያንስ መኪናውን ከመስመር አውጥቶ ፒት ያስገባል።

ሌላው አገርኛ ችግር ዕርቅ ነው። ሐዋሳ ትንሽ ከተማ ናት፤ ገጪና ተገጪ ማታ ሐይቅ ዳር አብረው ይቀመጣሉ። በማግስቱ አቤት ባዩ "ተስማምተናል፣ ተዉት" ብሎ ይጽፋል። ሽምግልና ለሁለቱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን በዚያ ግጭት ምክንያት ደረጃው የተዛባበት ሦስተኛ ሰው አለ፣ እሱን ማንም አልጠየቀውም። ከገባ በኋላ አቤቱታ አይነሳም። ዳኞች ሦስት ይሁኑ፣ ለየብቻ ድምፅ ይስጡ፣ በዚያ ውድድር የነዳ አይኑርባቸው። ሰው ካነሰ ከአዳማ ልጆች ጋር መለዋወጥ ነው፤ እነሱ የእናንተን ይዳኙ፣ እናንተ የእነሱን። ከሩቅ የሚያይ ሰው 27 ቁጥር የማን ወንድም እንደሆነ አያውቅም።

አቤቱታ ውድድሩ ካለቀ አንድ ሰዓት ሳይሞላ አይቀበሉ፣ ከ24 ሰዓት በኋላም አይቀበሉ። ይግባኝ የሚታየው አዲስ ማስረጃ ሲመጣ ብቻ ነው። ኮምፔቲዚዮኔ ላይ ለዚህ የሚሆን ጥሩ ነገር አለ፦ በመኪናው ማስተካከያ (ሴትአፕ) ውስጥ፣ ኤሌክትሮኒክስ ገጽ ላይ የቴሌሜትሪ ዙር ቁጥርን ከፍ ያደረገ ሰው የሞቴክ (የመኪናውን መረጃ በግራፍ የሚያሳይ ፕሮግራም) ፋይል ይቀዳለታል። ፍሬን የት እንደረገጠ፣ በምን ያህል ኃይል፣ መሪውን መቼ እንደዞረ በመስመር ይታያል። "ፍሬን አልዘገየሁም" የሚል ሰው ፋይሉን ያምጣ። ቁጥሩ ዜሮ ላይ ከተተወ ግን ምንም አይቀዳም፣ ስለዚህ ከውድድሩ በፊት ይታይ።

ኮምፔቲዚዮኔ ከ10 8። ሁለቱን ነጥብ ያጣው የውጤት ሰንጠረዡ ከውድድሩ በኋላ በጌሙ ውስጥ ስለማይታረምና ጠንካራ ፒሲ ስለሚፈልግ ነው። ስትገዙ መሠረታዊውን ጌም ብቻ፣ ስቲም (የፒሲ ጌም መሸጫ) ላይ ቅናሽ ሲኖር ጠብቃችሁ ግዙ። ሞንዛ፣ ስፓ፣ ሲልቨርስቶን፣ ብራንድስ ሃች፣ ባርሴሎና፣ ሚዛኖ፣ ዞልደርና ሀንጋሮሪንግ አብረው ይመጣሉ፤ ስምንት ውድድር ሞላ። ተጨማሪ ፓኬጁን አንድ ሰው ብቻ ገዝቶ ትራኩን በሊጉ መርሐ ግብር ውስጥ እንዲያስገቡለት ሲጠይቅ እምቢ በሉት።